ቀጣዩ የእጅም የቤትም ጌም ኮንሶል ምን ይመስላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኒንቴንዶ ስዊች 2 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ጥያቄው አላቆመም። "ቀጣዩስ?" ይላል ሰው። ሶኒም በእጅ የሚያዝ ነገር እየሠራ ነው ይባላል። የቫልቭና የማይክሮሶፍትም ስም ይነሣል። ይህን ወሬ ለዓመታት ስከታተል አንድ ነገር አይቻለሁ። ትክክል የገመቱት ሰዎች ምኞታቸውን የጻፉ አልነበሩም። ባትሪውን፣ ሙቀቱንና ዋጋውን ቁጭ ብለው ያሰሉ ነበሩ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ከዚያ የተነሡ ናቸው። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃይብሪድ ኮንሶል ሲባል ምን ማለት ነው?

ዕቃው አንድ ነው፣ የሚሠራው ግን ሁለት ቦታ ነው። መንገድ ላይ በእጃችሁ ይዛችሁ ትጫወታላችሁ። ቤት ስትገቡ ዶክ ውስጥ፣ ማለትም ከቲቪ ጋር በሚያገናኘው ማስቀመጫ ውስጥ፣ ትከቱትና በቲቪ ትቀጥላላችሁ።

ስዊችን ዶክ ውስጥ ስታስገቡት መጀመሪያ ታች ያለው ሶኬት ቀጭ ብሎ ይገጥማል። የእጁ ስክሪን ይጠፋል። ለአንድ አፍታ ቲቪው ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ገጸ ባሕሪያችሁን የተዋችሁት ድልድይ ላይ እንደቆመ ታገኙታላችሁ። ትንሽ ቆይታችሁ ከላይ ወዳለው የአየር መውጫ ጣታችሁን ብታስጠጉ ሞቅ ያለ አየር ይነካችኋል። ቺፑ ፍጥነት ጨምሯል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ስዊች የግራፊክስ ክፍል በእጅ ሲያዝ ብዙውን ጊዜ በ307 ወይም በ384 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ዶክ ውስጥ 768 ይደርሳል። የእጁ ስክሪን 720ፒ ነው፣ ቲቪው ላይ ደግሞ እስከ 1080ፒ ይሄዳል። ፒክስሎቹ ከእጥፍ ትንሽ ይበልጣሉ፣ ፍጥነቱም እጥፍ ነው። ለእኔ የሃይብሪድ ትርጉሙ ይኸው ስሌት ነው። ቫልቭ የሚሠራውን በእጅ የሚያዝ ስቲም ዴክንም ከቲቪ ጋር ማገናኘት ይቻላል፣ ግን ዶክ ውስጥ ስለገባ ብቻ አይፈጥንም።

ሀሳቡን ያመጣው ስዊች ነው?

አይደለም። ሴጋ በ1995 ኖማድ የሚባል በእጅ የሚያዝ ኮንሶል አውጥቶ ነበር። ጀነሲስ የሚባለውን የሴጋ የቤት ኮንሶል ካርትሪጅ ይቀበላል፣ ከቲቪም ጋር ይገናኛል። በስድስት ባትሪ ድንጋይ ይሠራ ነበር፣ እነሱም ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይቆዩ ያልቃሉ። ሀሳቡ ትክክል ነበር፣ ያልደረሰለት ባትሪው ነው።

ኒንቴንዶ ራሱ በ2012 ዊ ዩን ሲያወጣ ስክሪን ያለው ጆይስቲክ ሰጠን። ግን ጌሙን የሚያስኬደው ቲቪ ሥር ያለው ሳጥን ነበር። ከሳጥኑ ራቅ ስትሉ ምስሉ ይቆራረጣል። የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለፈውን ፍንጭ ልጥቀስ። በ2013 መጀመሪያ፣ ሳቶሩ ኢዋታ ፕሬዚዳንት ሳሉ፣ ኒንቴንዶ በእጅ የሚያዘውንና የቤቱን ኮንሶል የሚሠሩትን ሁለት ክፍሎች አንድ አደረጋቸው። ስዊች ለሕዝብ የታየው በጥቅምት 2016 ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ፍንጩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። እኛ ግን የደበዘዘ ፎቶ ስናጎላ ነበር የምንውለው።

ቀጣዩ በእጅ የሚያዝ ኮንሶል የፒኤስ5 ጉልበት ይኖረዋል የሚባለው እውነት ነው?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። መልሱን በስልካችሁ ካልኩሌተር ራሳችሁ ማግኘት ትችላላችሁ።

የባትሪ አቅም በዋት-ሰዓት ይለካል። ያንን ኮንሶሉ በሚወስደው ዋት ስታካፍሉት የምትጫወቱበትን ሰዓት ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ስዊች ባትሪ 16 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ኒንቴንዶ እንደ ጌሙ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ይቆያል ብሎ ነበር። 16ን ለ2.5 ስታካፍሉ 6.4 ይመጣል። በከባድ ጌም ጊዜ ስክሪኑ፣ ቺፑ፣ ድምፁ፣ ዋይፋዩ ሁሉም ተካፍለው የሚኖሩት በዚያች 6.4 ዋት ነው። የስዊች 2 ባትሪ ወደ 20 ዋት-ሰዓት ነው። አጭሩ ጊዜው 2 ሰዓት ስለሆነ ፍጆታው 10 ዋት ገደማ ይሆናል።

የሶኒ የቤት ኮንሶል ፒኤስ5 ደግሞ ከባድ ጌም ላይ ወደ 200 ዋት ይወስዳል። 20ን ለ200 አካፍሉት። 6 ደቂቃ ነው። ጌሙ ተከፍቶ፣ ሜኑው መጥቶ፣ ያቆማችሁበትን ስትፈልጉ ባትሪው አለቀ።

"ታዲያ ባትሪውን ለምን አያሳድጉትም?" የሚል ይኖራል። ያሳደጉ አሉ። የመጀመሪያው ስቲም ዴክ 40 ዋት-ሰዓት ይዟል፣ ክብደቱ ግን 669 ግራም ነው። አሱስ ከማይክሮሶፍት ጋር ያወጣው ሮግ ኤክስቦክስ አላይ ኤክስ 80 ዋት-ሰዓት አለው፣ 715 ግራም ይመዝናል። ስዊች 2 ጆይ-ኮን ከሚባሉት የግራና ቀኝ መቆጣጠሪያዎቹ ጋር 534 ግራም ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን አልጋ ላይ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ከፊታችሁ በላይ ለግማሽ ሰዓት ያዙት። ክንዳችሁ ልዩነቱን ይነግራችኋል። በዚያ ላይ ለመንገደኛ በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ስለዚህ ወደ ላይም ጣሪያ አለ።

ተስፋው ያለው ቺፑ ላይ ነው። ኒንቴንዶ በ2019 የስዊችን ቺፕ በተሻለ የአመራረት ዘዴ አሠራው። ባትሪው ያው፣ ሰውነቱም ያው ነው። የሚቆየው ሰዓት ግን ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ሆነ። ሁለተኛው መላ ቺፑን ማስፋትና ማዝገም ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍጆታው ከእጥፍ በላይ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ቮልቴጁም አብሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጥቂት ፈጣን ሠራተኛ ከመያዝ ይልቅ ብዙ ረጋ ያሉ ሠራተኞች መያዝ ያዋጣል። የመጀመሪያው ስዊች 256 የግራፊክስ ኮር፣ ማለትም ሠራተኛ፣ ነበረው። ስዊች 2 1536 አለው፣ በእጅ ሲያዝ ግን 561 ሜጋኸርዝ ላይ ነው የሚሠራው። ቀጣዩም በዚሁ መንገድ ይሄዳል ብዬ አምናለሁ። ኮሩ ይበዛል፣ ፍጥነቱ ግን ብዙም አይዘልም። ስለዚህ "5 ጊጋኸርዝ" ምናምን የሚል ወሬ ስታዩ እለፉት።

እንዲህ ከሆነ 4ኬ እንዴት ይቻላል?

ሙሉውን ምስል ባለመሳል። 4ኬ የ1080ፒ አራት እጥፍ ፒክስል ነው። ስዊች 2 ቺፑን የሚሠራለት የኤንቪዲያ ኩባንያ ዲኤልኤስኤስ ያለውን ምስል ማሳደጊያ ዘዴ ይጠቀማል። ቺፑ አነስ ያለ ምስል ይስላል፣ ከዚያ የሠለጠነ ኒውራል ኔትወርክ ያለፉትን ምስሎችም እያየ የጎደለውን ይሞላዋል። በትንሽ ዋት ትልቅ ምስል ይገኛል። ጠንቃቃ ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ፀጉርና ቅጠል ላይ ጉድለቱን ያያል። ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም።

ለሃይብሪድ ከዚህ የተሻለ የተገኘ ነገር ያለ አይመስለኝም። ቀጣዩን ስትገምቱ ጥሬ ጉልበቱን ብቻ አትዩ። ምስል የሚያሳድገው ክፍል ምን ያህል ተሻሻለ ብላችሁ ጠይቁ።

ወሬው ከየት ነው የሚመጣው? የትኛውን ልመን?

አባቶች "ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት" ይላሉ። ለዚህ ጉዳይ የተባለ ይመስላል።

እኔ ምንጩን በሁለት እከፍለዋለሁ። አንዱ ዕቃው ሲሠራ ሳይፈልግ የሚተወው ዱካ ነው። ኮንሶል በአንድ ክፍል ውስጥ ተሸሽጎ አይሠራም። ቺፑን የሚሠራ አለ፣ ሶፍትዌሩን የሚያዘጋጅ አለ፣ ሽፋንና ቦርሳ የሚሠራ አለ። ቲ239 የሚባለው የስዊች 2 ቺፕ ዝርዝር በ2022 የኤንቪዲያ መረጃ በተሰረቀ ጊዜ ወጣ። በዚያው ዓመት የኤንቪዲያ ሠራተኞች ሊኑክስ ለሚባለው ማንም ሊያየው ለሚችል ሶፍትዌር ያስገቡት ኮድ ውስጥም ስሙ ታየ። ኮንሶሉ የተሸጠው በሰኔ 2025 ነው። በማግኔት የሚጣበቁት ጆይ-ኮኖችም ከመታወጃቸው በፊት ይወሩ ነበር። በጥር 2025 ደግሞ አንድ የመለዋወጫ አምራች የኮንሶሉን ሞዴል በቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን ላይ ይዞ ቀርቦ ነበር። ሽፋን የሚሠራ ሰው ልኩን ማወቅ አለበት፣ ስለዚህ ልክ ቶሎ ይሾልካል።

ሁለተኛው ዓይነት "ውስጥ አዋቂ ነግሮኝ" የሚለው ነው። እዚህ ላይ እኔም ተቃጥያለሁ። በ2021 "ስዊች ፕሮ" ይወጣል፣ 4ኬ ይሆናል ተባለ። ወሬው ትልልቅ የዜና አውታሮች ላይ ሳይቀር ደርሶ ነበር። እኔም አምኜ ልገዛ የነበረውን ትቼ ጠበቅሁ። ያ ክረምት ሙሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። በሐምሌ ኒንቴንዶ ያሳየው ኦሌድ ስክሪን ያለውን ስዊች ነበር። ስክሪኑ 7 ኢንች፣ በጣም የሚያምር። ውስጡ ያለው ቺፕ ግን ያው የድሮው ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ወሬው ልክ፣ የቺፕ ስም ወይም የምዝገባ ሰነድ ካለው አነበዋለሁ። "በጣም ኃይለኛ"፣ "አብዮታዊ" ብቻ ከሆነ ገጹን እዘጋዋለሁ።

ኒንቴንዶ ቀጣዩን መቼ ያሳያል?

ያለፈውን እንቁጠር። የመጀመሪያው ስዊች ጥቅምት 20 ቀን 2016 ታየ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ተሸጠ። 134 ቀን ነው። ስዊች 2 ጥር 16 ቀን 2025 ታየ፣ ሰኔ 5 ተሸጠ። 140 ቀን። ኒንቴንዶ አሳይቶ ረጅም ጊዜ አያስጠብቅም። ስለዚህ ሦስተኛውን ስዊች ከመሸጡ ከሁለት ዓመት በፊት እናያለን ብዬ አልጠብቅም።

በሁለቱ መሐል ያለፈው ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ነው። ያው ከተደገመ ሦስተኛው ከ2030 በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚመጣው የስዊች 2 ወንድም ይመስለኛል። በመጀመሪያው ዙር ትንሿ ስዊች ላይት በሁለት ዓመት ተኩል፣ ኦሌዱ በአራት ዓመት ተኩል መጡ። ስዊች 2 በኦሌድ ፈንታ ተራውን ኤልሲዲ ስክሪን ይዞ መውጣቱ ለኋላ ለኦሌድ ቦታ ትቷል።

ሶኒስ?

ሶኒ በህዳር 2023 ያወጣው ፕሌይስቴሽን ፖርታል ሃይብሪድ አይደለም። ጌሙን የሚያስኬደው ሌላ ቦታ ያለ ማሽን ነው፣ ፖርታል ምስሉን በኢንተርኔት ይቀበላል። ኔትወርክ ከሌለ ጌም የለም።

ግምቱን ያጋጋሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሶኒ በ2025 ለፒኤስ5 የኃይል ቆጣቢ ምርጫ አስተዋወቀ። የሚደግፉት ጌሞች አቅማቸውን ቀንሰው በትንሽ ኤሌክትሪክ ይሠራሉ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የፒኤስ5 ዋና አርክቴክት ማርክ ሰርኒ ከቺፕ ኩባንያው ከኤኤምዲ ሰው ከጃክ ሁይን ጋር ቀርበው ለወደፊት ስለሚያዘጋጁት የግራፊክስ ቴክኖሎጂ አወሩ። ከተናገሩት አንዱ ወደ ሜሞሪ የሚመላለሰውን መረጃ ማመቅ ነው። በእጅ የሚያዝ ዕቃን ከሚያንቁት ነገሮች አንዱ ይኸው የሜሞሪ መንገድ ጥበት ነው።

ይህ ማረጋገጫ አይደለም። ኃይል መቆጠብ ለቤቱ ኮንሶልም ይጠቅማል። ግን እኔ ካየኋቸው የሶኒ ወሬዎች ሁሉ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ከኩባንያው ሥራ የተነሣ ነው።

ቫልቭ ሁለተኛ ስቲም ዴክ ያወጣል?

የቫልቭ ሰዎች አቋማቸውን በግልጽ ተናግረዋል። የባትሪውን ቆይታ ሳይጎዱ የትውልድ ያህል ዝላይ ካላገኙ አያወጡም። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። በየዓመቱ ትንሽ ቁጥር እየጨመሩ ከመሸጥ ይህ ገዢውን ማክበር ነው።

ዋጋው ስንት ይሆናል?

ከዛሬው አይረክስም። የመጀመሪያው ስዊች በአሜሪካ 299.99 ዶላር ነበር፣ ስዊች 2 ሲወጣ 449.99። ድሮ ኮንሶል ሲያረጅ ይረክስ ነበር። አሁን ተገልብጧል። በነሐሴ 2025 ኒንቴንዶ የስምንት ዓመቱን ስዊች በአሜሪካ ዋጋ ጨመረበት። ሶኒም በዚያው ወር ፒኤስ5ን አስወደደ።

ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሜሞሪ ዋጋ ተሰቅሏል። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ገበያውን እየጠረጉት ነው። ስዊች 2 12 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። ቀጣዩ 24 ይኖረዋል የሚል ወሬ ካያችሁ፣ ሂሳቡን ማን ይከፍላል ብላችሁ ጠይቁ።

የድሮ ጌሞቼ ይሠራሉ?

በጣም ይመስለኛል። ከ150 ሚሊዮን በላይ ስዊች ተሸጧል፣ ያን ሁሉ ሰው ከነጌሙ መጣል ከባድ ነው። ብዙ ሰው ቀላል ይመስለዋል እንጂ ሥራው ቀላል አይደለም። የስዊች 2 ቺፕ ከድሮው የተለየ ትውልድ ስለሆነ የድሮ ጌም እንዳለ አይገባውም። ኒንቴንዶ ጌሙ እየሄደ ሳለ ትእዛዞቹን ወደ አዲሱ ቺፕ ቋንቋ ያስተረጉማል። ለዚህም ነው አንዳንድ ጌሞች ችግር ያሳዩት። ቀጣዩም ኤንቪዲያን ይዞ ከቀጠለ ነገሩ ይቀልላል። የቺፕ ኩባንያ ለውጧል የሚል ወሬ ከመጣ ግን መጀመሪያ የምጨነቀው ለድሮ ጌሞቼ ነው።

የጌም ካርድ እየቀረ ይሄዳል?

ቀስ በቀስ አዎ፣ ይህን ስጽፍ ቅር እያለኝ ነው። ስዊች 2 ላይ ቁልፍ ብቻ የያዘ ካርድ መጥቷል። ካርዱን ትገዛላችሁ፣ ጌሙን ግን ከኢንተርኔት ታወርዳላችሁ። ለመጫወት ካርዱም መሰካት አለበት። ትልልቅ ጌሞችን በፈጣን ካርድ ላይ ማስፈር ውድ ነው፣ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ሰርቨሩ አንድ ቀን ሲዘጋ ያቺ ካርድ ምን ትሆናለች? ካርድ ለጓደኛ ማዋስ፣ ተጫውቶ መሸጥ የምንወድ ሰዎች ቀጣዩ ኮንሶል ላይ ቀድመን ልናየው የሚገባ ይህን ነው።

ጆይስቲኩ እንደገና ይንሸራተታል?

ድሪፍት የሚባለው፣ ሳትነኩት ገጸ ባሕሪው በራሱ የሚሄድበት ችግር፣ የመጀመሪያውን ስዊች ስም አጉድፎታል። የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ በ2020 ይቅርታ ጠይቀዋል። መነሻው ዱላው ሥር እርስ በርስ የሚፋተጉ ክፍሎች መልበሳቸው ነው። በማግኔት የሚሠራው ዓይነት ይህ ፍትጊያ የለበትም። ስዊች 2 ያንን ይዞ ይመጣል ተብሎ በሰፊው ተገምቶ ነበር፣ አልመጣም። ፍላጎት እንጂ ማስረጃ አልነበረም።

ታዲያ ልጠብቅ ወይስ ያለውን ልግዛ?

መጫወት የምትፈልጉት ጌም ዛሬ ካለ ግዙ። ኮንሶል የሚገዛው ለጌሙ ነው። የምትጠብቁት ዕቃ ስምና ቀን ከወጣለት ብቻ ጠብቁ። ያኔ የሚቀረው ጥቂት ወር ነው።

ስም ላልወጣለት ዕቃ ግን አትጠብቁ። እኔ በ2021 ጠብቄ ያመለጠኝ ኮንሶሉ አይደለም፣ እሱማ ሱቅ ነበር። ጓደኞቼ ያን ክረምት ማታ ማታ ተሰብስበው አንድ ጌም አብረው ጨረሱ። እኔ በቀጣዩ ዓመት ገዝቼ ስገባ እነሱ ወደ ሌላ ጌም ሄደው ነበር።